ስለ ታሪክ ስምና ስለ ታሪክ ምልክት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በየስልኩ የሚወጡት የምናብ ታሪኮች ምን ዓይነት ስምና ምን ዓይነት ምልክት ሊኖራቸው እንደሚገባ ነው። ነገሩ ለወላጆቻችን እንግዳ እንዳይሆን ያህል፣ የዛሬ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ተማሪ የማተሚያ ቤት ደጅ አይጠናም። ማታ የጻፈውን በቴሌግራም ያወጣዋል፤ በማግስቱም ጠዋት ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈ ሰው ቆሞ ያነበዋል። እዚህ በጉለሌም እንዲህ የሚያደርጉ ተማሪዎች አሉ፤ ከተቀመጡትም መካከል አሉ። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ ወላጆቻቸው በዚያ ሰዓት ለፈተና የሚያጠኑ ይመስላቸዋልና።

እንዲህ ያለው ታሪክ ሁለት ነገር በግንባሩ ይዞ ይወጣል። አንደኛው ርእሱ ነው። ሁለተኛው ሃሽታግ የሚባለው ምልክት ነው፤ እርሱም «ፍቅር»፣ «አስፈሪ»፣ «ልብ ወለድ» እያለ ታሪኩ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ያስታውቃል። ርእስ አንባቢን ይጠራል፤ ምልክት ግን ለተጠራው ሰው ቃል ይገባል። ሰው ርእሱ ቢያታልለው ስቆ ያልፋል፤ ምልክቱ ሲያታልለው ግን የሚደርሰው ጉዳት ሌላ ነው።

ይህ ነገር ከስልክ ጋር የመጣ አይምሰላችሁ። የጥንት ጸሐፍት ብራና ላይ ሲጽፉ የመጽሐፉን መነሻ በቀይ ቀለም ይለዩት ነበር፤ ከስሙም የመጀመሪያው ቃል ዓይነቱን ይናገር ነበር። «ገድል» ካለ የቅዱሳንን ተጋድሎ፣ «ተአምር» ካለ የተደረገውን ድንቅ፣ «ዜና» ካለ የሰውን ወሬና ታሪክ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል። በግዕዝ ያለው ዜና እስክንድር ስለ መቄዶንያው ንጉሥ ስንትና ስንት ለማመን የሚያስቸግር ነገር ሲተርክ፣ ራሱን ገድል ብሎ አልጠራም። (በበኩሌ፣ ዛሬ ለፈጠራ ታሪክ «ገድለ እገሌ» የሚል ስም ማውጣት ደስ አይለኝም። አያቶቻችን ያንን ቃል የያዘውን መጽሐፍ ተሳልመው ነው የሚገልጡት።) ቤት ውስጥም ቢሆን ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ታሪኩ አይጀመርም። ያ ምልክት ነው፤ ከዚህ በኋላ አንበሳ ቢናገር ማንም አይከራከርም። ሐዲስ ዓለማየሁም ከልብ ወለዶቻቸው አስቀድመው ያሳተሙትን የተረት መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ብለው ሲሰይሙት፣ ምልክቱንና ርእሱን አንድ አደረጉት።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነገር ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠራው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ታተመ። የወንድ ልብስ ስለ ለበሰች ስለ አንዲት ልጃገረድና ስለ መንታ ወንድሟ የሚናገር ሲሆን፣ ዛሬ ሁላችን «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው ነው። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ስም ግን «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ የወለደው፣ ከልብ የመጣ፣ በዓይን ያልታየ ታሪክ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ያ ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ የወገኑ ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ መጽሐፉም በልጅቱ ስም ይጠራ ጀመር። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ የአንድ መጽሐፍ ርእስ ምልክት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ደግሞም እንዴት ያለ እውነተኛ ምልክት ነው! ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ሳያፍር ይናገራል።

ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ቃል ይዘን በአጻጻፉ አልተስማማንም። አንዱ «ልብ ወለድ»፣ አንዱ «ልብወለድ»፣ ሌላው «ልቦለድ» ይላል። በመጽሐፍ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ በምልክት ላይ ግን ይጎዳል። ሃሽታግ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ያቆማል፤ ስለዚህ «ልብ ወለድ» ብሎ ለይቶ የጻፈ ሰው ታሪኩን «ልብ» ከሚለው ጋር ብቻ ያስቀምጠዋል፤ ምናልባትም ከልብ ሕመም ምክር ጋር ጎረቤት ይሆናል። ሁለቱን ቃል ከታች በምትሰመር ሰረዝ ማያያዝ፣ ወይም ገጥሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚህ የከፋው የፊደላችን ነገር ነው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአፋችን አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ሦስት ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። «ምትሀት» የሚለውን ምልክት የሚፈልግ አንባቢ «ምትሐት» ተብሎ የተጻፈውን ታሪክ አያገኘውም፤ «ዓለም»ና «አለም»ም እንደዚሁ። በእንግሊዝኛ ታሪኮች ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ በተከፈተው አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን በሚባለው ቤተ መዛግብት፣ አንድ ነገርን በልዩ ልዩ ቃል የሚጠሩትን ምልክቶች በፈቃዳቸው እየለዩ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። እኛ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለ ሌሉን፣ መምህራን «የትኛው ሀ ነው?» እያሉ ሲያርሙን ማጉረምረማችንን ብንቀንስ መልካም ነው።

ስለ ርእስ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ጥቂት ብቻ እላለሁ። በስልካችን ላይ «ምስጢሩ»፣ «እንባ»፣ «ያልታሰበው» የሚባሉ ታሪኮች ስለ በዙ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለቅማ የምትወርድ እናት የተሸከመችው እንጨት በሌሊት እንደ ፋኖስ ሲያበራ የሚያሳይ ታሪክ ጽፋ፣ መጀመሪያ «ምስጢሩ» ብላው ነበር። ኋላ «የሚያበራው ሸክም» አለችው። የመጀመሪያው ስም ለማንኛውም ታሪክ ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ከዚያች ሴት ጀርባ በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም። ታላላቆቹም እንዲህ አድርገዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻውን በርእሱ ላይ ነግሮናል፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት መጽሐፉን ያስቀመጠ ሰው አላየሁም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲል፣ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ወስዶ አንባቢውን «ምን ማለት ነው?» እያለ እንዲጠይቅ አደረገው። በእኛ ዘመን የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እንዲሁ በእንግዳ ስሙ ሰውን ጠራ። ብቻ እንግዳ ቃል መፍጠር እንደ ቀላል ተቆጥሮ ሁሉም ታሪክ ማንም ሊጠራው የማይችል ስም ይዞ ሲመጣ፣ አንባቢ ለጓደኛው ሊነግረው እንኳ ይቸገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በምናብ ታሪኮች ላይ እየተለመደ የመጣ አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ልጃቸው በስልክ ላይ የወጣ ታሪክ አነበበችላቸው፤ በአንድ ተራራ ሥር በጨረቃ ብቻ የሚፈልቅ ምንጭ እንዳለና የጠጣው ሁሉ ከማንኛውም በሽታ እንደሚድን የሚናገር ነው። ታሪኩ ደስ የሚል ነው፤ ጸሐፊው ችሎታ አለው፤ የጨረቃው ነገር በፍጹም ከአሳቤ አልጠፋም። ግን ከላዩ «እውነተኛ ታሪክ» ይላል። እኒህ እናት ተራራው የት እንደ ሆነ ሰው እየጠየቁ፣ መድኃኒታቸውን ለአራት ቀን ተዉ። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶች ደግፈው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ያንን ታሪክ በተረት ሰዓት ሰምተውት ቢሆን ኖሮ፣ «ወይ ጉድ!» ብለው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር።

የጻፈውን ልጅ አላውቀውም፤ ክፉ ሰው ነውም አልልም። እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ግን አንድ ነው፤ «ፈጠራ ነው ካልን ማንም አያነብልንም» ይላሉ። እኔ ይህን አላምንም። አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም» የሚለውን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን «አልወለድም» እያለ እንዲከራከር አደረገው። ከዚህ የባሰ የማይሆን ነገር ከየት ይመጣል? እውነተኛ ታሪክ ነው ብሎ ያመነ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ነገር ግን መንግሥት ፈርቶት አገደው። ጆን በንያንም እ.ኤ.አ. በ1678 የክርስቲያኑን መንገደኛ ታሪክ ሲያሳትም፣ ነገሩ በሕልም አምሳል የቀረበ መሆኑን በርእሱ ገጽ ላይ አስታውቋል፤ ሕልም ነው ስላለ ግን መጽሐፉ ሳይነበብ አልቀረም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ታሪክ የትኛውን ምልክት እንጠቀም? አንዳንዶቻችሁ «ፋንታሲ» በሉት ትላላችሁ፤ ወጣቶች የሚፈልጉት በዚህ ቃል ነውና። እኔ «ምናባዊ ልብ ወለድ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ያች የስኳር በሽተኛ እናት «ፋንታሲ» የሚለውን ቃል ብትሰማ የመንደር ስም ሊመስላት ይችላል፤ «ልብ የወለደው» ሲባል ግን ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ለጊዜው ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል፤ ቦታ አይፈጁም። በዚህ የበዓል መጽሐፍ ውስጥ የወጡትን የተማሪዎች ታሪኮች ያሰናዳን ልጆች፣ በእያንዳንዱ ርእስ ሥር በትንሽ ፊደል «ምናባዊ ልብ ወለድ» ብለን ጽፈናል። «የሚያበራው ሸክም»ም ከእነርሱ አንዱ ነው።