የመብል መካሪ የሥራውን መርሕ ከወዴት ያገኛል?

በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ መብል እንድናገር መጋበዜ አንዳንዱን ሳያስገርመው አይቀርም። ነገር ግን ጾሙንና ፍስኩን ለይታ የምታስተምረን ቤተ ክርስቲያን ናትና፥ ስለ መብል የሚመክር ሰው ነገሩን በዚህ አደባባይ ቢያሰማ ስፍራው ነው።

በሆስፒታል ተቀጥሮ የሚሠራ የምግብ ባለሙያ የሚመራበት ደንብ ከበላዩ ይሰጠዋል። በግሉ ክፍል ከፍቶ የሚመክር ግን ከታማሚው ጋራ ብቻውን ይቀመጣልና፥ የሚመክረውን ብቻ ሳይሆን የሚመክርበትን ምክንያት ጭምር ለራሱ መመለስ ይገባዋል። የሥራ መርሕ የምንለው ይህ መልስ ነው። እርሱም ከትምህርት ቤት ተፈጽሞ አይመጣም፤ የመጽሐፉ ቃልና የሰው ጓዳ ሲጋጩ ይወለዳል እንጂ።

ግጭቱን በአንድ ነገር ላሳይ። መጽሐፉ ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ጋራ ሌላ ምግብ ይጀምር፥ ዕንቁላልና የመሰለውም አይቅርበት ይላል። በቢቸናና በሞጣ አገር ግን ብዙ እናት ዕቃዬ ይነካብኛል ብላ በዐቢይ ጾም የፍስክ ምግብ በድስቷ አታበስልም። ስለዚህ ጾም ያልተጣለበት ሕፃን ከእናቱ ጋራ ይጾማል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 46 ያህሉ ለዕድሜያቸው በቁመት ያጠሩ መሆናቸውን ገልጧል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነትም በሽታም አለበት፤ ይህኛው ግን በእጃችን ያለ ነው።

እኔም ሥራዬን ስጀምር እንዲህ ያለችውን እናት በመጽሐፉ ቃል ገሠጽኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፥ ተመልሳ ግን አልመጣችም። ጥፋቱ የእኔ ነበረ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ በቤትሽ ምን አለ? የንስሐ አባትሽስ ምን አሉሽ? ለሕፃኑ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ብትለይ ጾሟ አይፈርስም፥ ልጇም አይጎዳም። ዕንቁላል ባይገኝ እንኳ እህሉን ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋራ አስፈጭታ ወፈር ያለ ገንፎ ትሥራለት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተሰናዳው ፋፋም እህልን ከጥራጥሬ ጋራ በማዋሐድ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከታማሚው መጣልኝ። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ ቢውል የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጾምህን ተው ብለው ግን ይሸሸኛል፤ እኔም ይህን የመፍታት ሥልጣን የለኝም። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ግን ለሕመምተኛ ይራራልና፥ አደጋውን ገልጬ ወደ ንስሐ አባቱ እሰደዋለሁ።

ሦስተኛው የገንዘብ ፈተና ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው እንጀራው ከታማሚው ኪስ ይወጣልና፥ ሽሮና ጎመን የሚበቃውን ሰው ከውጭ የመጣ ውድ ዱቄት ግዛ ለማለት ይፈተናል። ስለዚህ በቤቱ ያለውን ሳልጠይቅ ምንም እንዳላስገዛ ለራሴ ሕግ አደረግሁ።

አባቶች ሆይ፥ እኔ በክፍሌ ለአንዲት እናት በጭንቅ የማስረዳውን እናንተ በአንድ ስብከት ለደብሩ ሁሉ ታስረዳላችሁ። ሕፃን ጾም እንደሌለበት፥ ድስቱም ቢለይ ነውር እንደሌለው በዐውደ ምሕረት ንገሩልን። የዚህ በዓል መታሰቢያ በልጆቻችን ቁመት ላይ ይታይ።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ። አሜን።