ርካሹ ፕሮፎርማ ርካሹ መብራት አይደለም
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት የሒሳብ ሪፖርት ለማንበብ አይደለም። አንድ ስሕተቴን ልነግራችሁና ከእሱ የተማርነውን ላካፍላችሁ ነው። ባለፈው ዓመት አራት አባሎቻችን በፎቶግራፍ ሥራ ተደራጅተው መብራት መግዣ ብድር ጠየቁ። እኔም እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ አስቀርቤ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ መርጬ ፈረምኩ። መብራቱ የት፣ ለምን ሥራ እንደሚውል አልጠየቅኩም።

የተገዛው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሳያቋርጥ የሚበራ ሁለት መብራት ነበር። ቤት ውስጥ ለጉርድ ፎቶ ደህና ሠራ። በጥር ወር አንድ መልስ ላይ ግን ለድንኳኑ የቀረበው ጄኔሬተር ድምፅ ማጉያውንም መብራቱንም መሸከም አቃተው። በበራበት ሰዓትም ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ሙሽራዋ እስክስታ ስትወርድ ፊቷ ተደበላልቆ ወጣ። እህቶቻችን የክፍያውን ግማሽ ለደጋሾቹ መለሱ፤ የሁለት ወር የብድር ክፍያም ተጓተተ። ያ ገንዘብ የሁላችን ቁጠባ ነው።

ከዚያ በኋላ አብሬያቸው ተቀምጬ ነገሩን ከሥር ጀምሮ አየነው። ያገኘነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ለሠርግ ፎቶ የሚያስፈልገው በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ኃይሉን በቅጽበት ስለሚለቅ የሚጨፍረውን ሰው ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሶኬትም አይፈልግም። ሳያቋርጥ የሚበራው መብራት ለቪዲዮ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑ ላይ ባለው ትልቅ ቁጥር አትታለሉ። የፍላሽ ጉልበት የሚለካው በዋት ሰከንድ ነው፤ ከኤልኢዲ መብራት ዋት ጋር አይወዳደርም። ካሜራ ላይ የሚሰካው ትንሹ ፍላሽ ከ60 እስከ 75 ዋት ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህ ለአዳራሽ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ መናፈሻ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲፎካከር ግን ያንሳል። እንደ ጎዶክስ ኤዲ200 ያለ 200 ዋት ሰከንድ ፍላሽ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በአንድ ቻርጅም በሙሉ ኃይል 500 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። 400 የሚለውን ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት መብራቱን አስጠጉት። ከ3 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር ሲቀርብ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ሦስተኛ፣ ፍላሹ ብቻውን ሥራ አይሠራም። ተጠባባቂ ባትሪ፣ ስታንድ፣ ነጭ ጃንጥላና ከካሜራችሁ ዓይነት ጋር የሚስማማ ትሪገር አብረው በፕሮፎርማው ይግቡ። የካኖን ትሪገር ለኒከን አይሆንም። ጃንጥላው ርካሽ ነው፣ ብርሃኑን ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ነፋስ ይጥለዋል። ስለዚህ ስታንዱ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት እሰሩ። ትንሹን ፍላሽ ደግሞ ለመጠባበቂያ ያዙ፤ ሠርግ አይደገምም።

አራተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ተከራይታችሁ ሞክሩ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት አቁማችሁ አሥር ጊዜ አንሱ። የፊቷ ቀለም ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ከተለዋወጠ ያንን መብራት ተዉት። የፊቷም መልክ የቀሚሷም ጥለት አብረው መታየት አለባቸው። ድንኳን ውስጥም ፍላሹን ወደ ጣሪያ አዙራችሁ ስታነሱ ተጠንቀቁ፤ ጣሪያው ሰማያዊ ከሆነ ፊትም ሰማያዊ ይሆናል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ለሒሳብ እንዲመች፣ ሙሉው ዕቃ 60,000 ብር ነው እንበል። 60 ሠርግ ቢሠራበት ለአንድ ሠርግ 1,000 ብር ይደርሳል። 20,000 ብር የወጣበት መብራት ግን 10 ሥራ ብቻ ቢሠራበት ለአንዱ 2,000 ብር ነው። በፕሮፎርማው ላይ የረከሰው በሥራው ላይ ተወደደ ማለት ነው። እኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነበር።

እህቶቻችን ከፋሲካ በኋላ በነበሩ ሁለት ሠርጎች ፍላሽ ተከራይተው ሠርተዋል፤ ፎቶዎቹን በጠረጴዛው ላይ ታያላችሁ፣ የኪራዩን ደረሰኝ ከማመልከቻቸው ጋር አያይዣለሁ። የቀድሞዎቹ መብራቶችም አልተጣሉም፤ ለጉርድ ፎቶ እያገለገሉ ነው። የሁለተኛው ብድር ጥያቄ ዛሬ ለእናንተ ውሳኔ ቀርቧል። እኔ በበኩሌ እደግፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ሠርግ ገቢ ጥቂት እየተቀመጠ ለባትሪ መተኪያ እንዲሆን ግን እጠይቃለሁ፣ ባትሪ ያረጃልና።

ከእንግዲህ የልብስ ስፌት መኪናም ሆነ የእንጀራ ምጣድ ፕሮፎርማ ስታመጡልኝ፣ ዋጋውን ከማየቴ በፊት «የት ልትሠሩበት ነው?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ። እንዳትቀየሙኝ።