መጠባበቂያ ቅጂ የሚታመነው ተመልሶ ሲነበብ ነው
(ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሹሞች በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



የክርስትና፣ የጋብቻና የሒሳብ መዝገቦች ወደ ሰርቨር በገቡበት ጽሕፈት ቤት ሁሉ፣ መረጃውን በየሌሊቱ ወደ ቴፕ የሚገለብጥ መሣሪያ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን የቴፑ መዞር ብቻውን ለመረጃው መዳን ማረጋገጫ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሠሪ ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2» የተሰኘውን ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ፣ በስሕተት በተሰጠ አንድ የዩኒክስ ማጥፊያ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ጠፋ። መጠባበቂያው ሲፈለግ በትክክል ሳይሠራ እንደ ቆየ ታወቀ። ሥራውን ያተረፈው፣ ከባለሙያዎቹ አንዷ ጋሊን ሱስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለ ነበር፣ በቤቷ ኮምፒዩተር የተገኘው ቅጂ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ለሁሉ አይገኝም።

ስለዚህ ቴፑ ሲታወክ ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምር። በመጀመሪያ ሰርቨሩ የቴፕ ድራይቩን ያውቀው እንደ ሆነ «ኤምቲ» በተባለው ትእዛዝ ይጠየቃል። ካላወቀው ኬብሉና የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቀጥሎም ሰርቨሩ ስሕተቶችን የሚመዘግብበት ፋይል ይታያል። ድራይቩ እያነበበ አልጽፍም ካለ፣ በካሴቱ ጠርዝ ያለችው የመጻፍ መከልከያ ተዘግታ ሊሆን ይችላል።

የንባብና የጽሕፈት ስሕተት ከተደጋገመ ድራይቩ በማጽጃ ካሴት ይጸዳል፤ ከዚያም ሌላ ቴፕ ይሞከራል። ስሕተቱ በአንዱ ቴፕ ላይ ብቻ ከታየ የተጎዳው ቴፑ ነው፤ በሁሉም ላይ ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ ድራይቩና ወደ ኬብሉ ይዞራል።

ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። በሊኑክስ ሰርቨር አንዱ ድራይቭ በሁለት ስም ይጠራል። «ኤስቲ ዜሮ» በሚለው ስም ከተሠራ ቴፑ ሥራው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይጠቀለላል፤ «ኤንኤስቲ ዜሮ» በሚለው ግን ባለበት ይቆማል። በአንድ ቴፕ ላይ የብዙ ቀን ቅጂ ለማኖር ፈልጎ በመጀመሪያው ስም የሠራ ሰው፣ የማክሰኞውን ቅጂ በሰኞው ላይ ይጽፈዋል። ሰርቨሩም ሁለቱንም ጊዜ «ተሳክቷል» ብሎ ያልፋል።

አዲስ ድራይቭ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል፤ ለምሳሌ የኤልቲኦ 8 ድራይቭ የኤልቲኦ 6 ቴፕ አያነብም። የቆዩት ቴፖች የሚነበቡበት መሣሪያ ሳይኖር አሮጌውን ድራይቭ ማስወገድ፣ መዝገቡን ቆልፎ ቁልፉን እንደ መጣል ነው።

እንግዲህ የኮሚቴው ድርሻ ምንድን ነው? ትእዛዞቹን ማጥናት አይጠበቅበትም። በየሦስት ወሩ ግን አንድ ፋይል ራሱ ይምረጥ፤ ምርጫውን ለባለሙያው አይተው። ፋይሉ ከቴፕ ወደ ሌላ ማኅደር ተመልሶ ከዋናው ጋር ይነጻጸር፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሰርቨሩ የሚያወጣውን የስሕተት መልእክት በየጧቱ የሚያነብ ሰው በስም ይመደብ። ቢያንስ አንድ ቴፕ ደግሞ ሰርቨሩ ካለበት ሕንፃ ውጭ ይቀመጥ፤ እሳት ቢነሣ ሰርቨሩንና አጠገቡ ያለውን ቴፕ ለይቶ አይምርምና።