ሞክሼ የሆኑ ኮምፕዩተሮች
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ዕለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች ሲኖሩ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አስተማሪው ስሙን ሲጠሩ ሁለቱም «አቤት» ብለው ይነሣሉ፤ ደብዳቤም ሲመጣ የአንዱን ሌላው ይከፍተዋል። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈቀድነው በኮምፕዩተር ክፍላችን ስለ ደረሰው የሞክሼዎች ጣጣ ነው። ጥፋቱም የራሳችን ነበረ።

በኢተርኔት የሚነጋገር ኮምፕዩተር ሁሉ የሃርድዌር አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢተርኔት በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት ሲሞከር አድራሻው 8 ቢት ብቻ ስለ ነበረ ከ256 የበለጠ ቁጥር አይገኝበትም ነበር። በ1980 ዲጂታል፥ ኢንቴልና ዜሮክስ ተባብረው ደንቡን ሲያወጡ 48 ቢት፥ ማለትም እያንዳንዱ 8 ቢት የሆነ ስድስት ክፍል አደረጉት። ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ለፋብሪካ ያድላል፤ የቀሩትን ሦስቱን ፋብሪካው እየቆጠረ ለየዕቃው ይሰጣል። በዚህ አኳኋን 16,777,216 ዕቃዎች ይሰየማሉ። በተለመደው ኮምፕዩተር ቁጥሩ ከኔትወርክ ካርዱ ጋራ ስለሆነ፥ ካርዱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

የሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ የቀድሞ ወርክስቴሽኖች ግን እንደዚህ አይደሉም። በእነርሱ ዘንድ ቁጥሩ የሚሰጠው ለካርዱ ሳይሆን ለኮምፕዩተሩ ነው። በዋናው ሰሌዳ ላይ ባትሪ ያላት አንዲት ትንሽ ቺፕ ትገኛለች፤ በ08:00:20 የሚጀምረው ቁጥር የተጻፈው በእርስዋ ውስጥ ነው። ኮምፕዩተሩ ሁለት ወይም ሦስት የኔትወርክ ካርድ ቢኖረው፥ ካልተከለከለ በቀር፥ ሁሉም በዚያው በአንዱ ቁጥር ይጠራሉ። ካርዶቹ በተለያየ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ምንም አይደል። በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ ግን ጣጣ ነው። ስዊች ማለት የትኛው ቁጥር በየትኛው ሶኬት በኩል እንደ ተናገረ እየመዘገበ መልእክት የሚያደርስ ዕቃ ነውና፥ አንዱን ቁጥር አሁን በዚህ፥ አሁን በዚያ ሲሰማው መዝገቡን ሲፍቅና ሲጽፍ ይውላል። ካርዱ የራሱ ቁጥር ካለው በዚያው እንዲጠራ ማዘዝ ይቻላል፤ ትእዛዙም «ሎካል ማክ አድሬስ» ይባላል።

ለትምህርት ቤታችን እንደዚህ ያሉ ሁለት አሮጌ ወርክስቴሽኖች በስጦታ መጥተው ነበር። የቺፕዋ ባትሪ አሥር ዓመት ያህል አገልግሎ ስለሚሞት፥ አንደኛው ስሙን ረስቶ ተገኘ። ቺፕዋን ከላይ ፍቀን አዲስ ባትሪ በሽቦ አያያዝንላት። ቁጥር መልሶ መጻፍ ሲያስፈልግ ግን ቸኮልንና የጎረቤቱን ቁጥር ገለበጥንለት!

በማግሥቱ ሁለቱም ኮምፕዩተሮች አንዴ ሲሠሩ አንዴ ሲያቆሙ ዋሉ። የመምህራችን የፈተና ውጤት መዝገብም በመካከሉ ተቋረጠ። እኛም ሳንመረምር፥ ክፍሉን የሚጠርጉት እናታችን ሽቦውን በመጥረጊያ ጎትተውታል አልን። እርሳቸውም ተጠርተው ተወቀሱ።

ሽቦውን ብንለውጥም አልዳነ። በሦስተኛው ቀን የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፈን ብናየው አንድ ሆኖ ተገኘ። ከመካከላችን አንዱ እንደ ገና በ08:00:20 የሚጀምር ቁጥር ፈጥረን እንስጠው ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ቁጥር የሌላ ሰው ኮምፕዩተር ሊሆን ይችላል። ደንቡ ለዚህም ቦታ ትቶለታል፦ በመጀመሪያው ክፍል ከመጨረሻው ሁለተኛው ቢት 1 ከሆነ፥ ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ እንዳወጣው ይታወቃል። ስለዚህ በ02 የሚጀምር ቁጥር ሰጥተን በወረቀት ጽፈን በጎኑ ለጠፍንበት። ከዚያ ወዲያ አልተቋረጠም።

እናታችን ዘንድ ሄደን እግራቸው ላይ ወድቀን ይቅርታ ጠየቅን። እርሳቸውም «ልጆቼ፥ እኔ እኮ ስጠርግ ሽቦውን በእጄ አንሥቼ ነው» አሉን።