ከግሸን መልስ



ተመራቂዎች፣ የአያሃ እናቶች፣ በቅድሚያ አስተርጓሚያችንን ይቅርታ ልጠይቀው። የጋበዛችሁት ሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር ይወዳል። ሲከብድህ አቁመኝ፣ ልጄ፤ ሳልቀየም እደግምልሃለሁ።

ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ ጅጅጋ አድሬ፣ በቶጎ ውጫሌ አልፌ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ ሐርቲ ሼክ ትዝ አለኝ። በ1988 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ የዚህ ከተማ ሰው በእግሩ ድንበር ተሻግሮ የገባው እዚያ ነበር። በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዛሬ ደግሞ ከስደት የተመለሱ ቤተሰቦች በሰፈሩበት በአያሃ፣ ከእኛ አገር የመጡ እህቶች ቤት ተከራይተው ልብስ ይሰፋሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። በአገራችን ጎረቤት የሰጠችውን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው። እናንተም የዚያን ጊዜውን ሳህን ሞልታችሁ መለሳችሁ፤ ስለዚህ በቅድሚያ ላመሰግናችሁ የሚገባኝ እናንተን፣ የአያሃ እናቶችን ነው።

ስለ አንዲት አያት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ሶማሊዎቹ «አዬዮ» ይሏታል፤ እኛ «አያት»። ቃሉ ራሱ ጎረቤት ይመስላል። እኔ የማነሳላችሁ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮሮና ሕመም በ85 ዓመታቸው ያረፉትን የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን ነው። ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» ይሏቸው ነበር። እኔም ዛሬ እንደዚያው ልጥራቸው።

እዳዬ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። የጣልያን ጦር አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው። አባታቸው ወደ ጦርነቱ ሄዱ፣ አልተመለሱም፤ ልጅቷ ገና የአንድ ወር ሕፃን ነበረች። እስከ 9 ዓመቷ ድረስ ያሳደጓት አያቶቿ ናቸው። ይህን ነገር የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን ቆም እልበታለሁ። ከሞት የተረፈች አንዲት የሙት ልጅ በሽማግሌ እጅ አደገች፤ ኋላ ደግሞ ራሷ ሸምግላ ስንቱን የሙት ልጅ አቀፈች። አያትነትን የተማረችው ከትምህርት ቤት አልነበረም።

10 ዓመት ገደማ ሲሆናት ሳትጠየቅ ተዳረች። አመለጠችና አዲስ አበባ ገባች። እንደምንም ፊደል ቆጠረች፤ ኋላም ቡናና እህል በሚልክ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። ተመራቂዎች፣ ይህችን ሥራ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1980 እንደ ፈረንጆቹ ወሎ ውስጥ ወዳለችው ግሸን ማርያም ለስለት ሄዱ። ወሎ በረሃብ ተመትቶ ነበር። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነው። ዳቦው ለማን ይበቃል? አንድ ቦታ ሲደርሱ የሞተች እናቷን ጡት የምትጎትት ሕፃን አዩ።

ብዙ ሰው አይቷል። ብዙ ሰው አልቅሷል፤ ማልቀስም ደግ ነገር ነው። እዳዬ ግን ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው አነሱ። ሌላ ቀን ደግሞ ከመንገድ ዳር የወደቀ አባት «እኔ መሞቴ ነው፤ ልጄን አድኚልኝ» አላቸው፤ ያቺንም ልጅ ተቀበሉ። ለስለት ብቻቸውን የወጡ ሴት ሁለት ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመቱ ሳይሞላ በቤታቸው የነበሩት ልጆች 21 ደረሱ።

ዘመድ «አበደች» አለ። ባላቸውም በመጨረሻ «ወይ እኔን፣ ወይ ልጆቹን» አሏቸው። ባልየውን በክፉ ማንሳት አልፈልግም፤ 21 ሕፃን አንድ ቤት ውስጥ ሌሊት ሲያለቅስ ማሰብ ነው። እዳዬ ልጆቹን ይዘው ወጡ።

አሁን ወደዚያች የጥራት ቁጥጥር ሥራ ልመለስ። ለእዳዬ «የአፍሪካዋ ማዘር ትሬዛ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ለክብር እንደተባለ ይገባኛል፤ እኔ ግን አልወደውም። ማዘር ትሬዛ መነኩሲት ነበሩ፤ ከኋላቸው ገዳም ነበራቸው። እዳዬ ከኋላቸው የነበራቸው የፈረሰ ትዳር ነው። ደግሞም «ቅድስት ናት» ስንል ሳናስበው ራሳችንን እናሳርፋለን፤ የቅዱሳን ሥራ ለቅዱሳን ነዋ! እኔ የማያቸው ቡናና እህል የሚመረምሩ ሴት ሆነው ነው። እንክርዳዱን ከስንዴው የሚለዩ፣ ስንት ኪሎ ስንት አፍ እንደሚያበላ የሚያውቁ። ከቤት ከወጡ በኋላ ልጆቹን ያበሉት በዕንባ አልነበረም፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ነበር። ማህበራቸው ሕጋዊ ሆኖ እስከተመዘገበበት እስከ 1986 እንደ ፈረንጆቹ ድረስ ስድስት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ልጆቹን በየቀኑ ያሳደራቸው ገበያው ነው። ኋላም በስማቸው በሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማህበር ውስጥ ልጅን ማብላት ብቻውን አልበቃቸውም፤ እናቶች ሙያ እንዲማሩና ገቢ እንዲያገኙ አደረጉ። እናት ያላት፣ ከእናቷ ጋር ማደግ የምትችል ልጅ ለምን ማሳደጊያ ትገባለች?

ለዚህ ነው ይህን ታሪክ ለስፌትና ለምግብ ዝግጅት ተመራቂዎች ይዤ የመጣሁት። ለባለሥልጣናት ጉባኤ ብናገረው ያጨበጭቡልኝና ምሳ ይበላሉ። እናንተ ግን መርፌውንም ምጣዱንም ይዛችኋል።

ሩቅ የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ሐርጌሳ ኤድና አዳን እስማኤል አሉላችሁ፤ በ1937 እንደ ፈረንጆቹ የተወለዱ፣ የእዳዬ የዕድሜ እኩያ ማለት ይቻላል። ከዓለም ጤና ድርጅት ጡረታ ሲወጡ የጡረታ ገንዘባቸውን አፍስሰው፣ መኪናቸውን ሽጠው፣ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ ሆስፒታል ከፈቱ፤ አዋላጆችን እያሠለጠኑ እዚህ ደርሰዋል። እሳቸውም የያዙት የሚያውቁትን ነው፤ አዋላጅ ናቸው፣ አዋላጅ አስተማሩ። ሁለቱ ሴቶች ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ስለ ደግነት ብዙ የሚያወሩ አይመስለኝም። ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወሩ ነበር።

ትናንት ማሠልጠኛውን ሲያስጎበኙኝ አንዲት ተመራቂ ልጇን ከስፌት መኪናው ሥር አስተኝታ ስትሠራ አየሁ። ስሟን አልጠራም፤ ራሷን ታውቃለች። «የሚይዝልኝ ሰው የለም» አለችኝ። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ደግሞ እግራቸውን ዘርግተው በር ላይ የተቀመጡ አንዲት አዬዮ ነበሩ፤ ሕፃን ባዩ ቁጥር እጃቸውን የሚዘረጉ። በመካከላቸው ያለው አንድ ግድግዳና ሁለት ቋንቋ ብቻ ነው። አስተርጓሚያችን፣ ይህችን እባክህ ቀስ ብለህ ተርጉማት፤ እኚያ አዬዮ ዛሬ እዚህ አሉ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ይህ ምስክር ወረቀት የስፌት መኪና አይገዛም። 30 ሆናችሁ ተመርቃችኋል፤ ለየብቻ ከወጣችሁ ግማሻችሁ በዓመቱ ሰው ቤት ተቀጥራችሁ ትገኛላችሁ። እቁብ ግቡ። የአያሃ እናቶችንም አስገቡ፤ ዳኛዋ ከእነሱ ትሁን፣ ጸሐፊዋ ከእናንተ። ከሚሰበሰበው ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ልጆቹን ለሚይዙት አዬዮ የሻይ ስጡ። የፊታችን አርብ ከሰዓት አዳራሹ ክፍት እንደሆነ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኔ ቅዳሜ ነው የምመለሰው፤ የመጀመሪያውን መዋጮ ከኪሴ አወጣለሁ። የመጀመሪያው እቁብ ግን ያለ ዕጣ፣ ልጇን ከስፌት መኪናው ሥር ላስተኛችው ይሁን።