የጡረታ ደብዳቤ የማይደርሰው ገበሬ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በጡረታ የተገለሉ አንዲት የግብርና ባለሙያ ያደረጉት ንግግር)





ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ገበያ ትስስር የዩኒየኑ ባለሙያዎች ጠዋት በሰፊው ስላቀረቡ እኔ አልደግመውም። ኮሚቴው የሰጠኝን ጊዜ ሪፖርት ውስጥ በማይገባ አንድ ጉዳይ ላይ አውለዋለሁ። ይኸውም ሰው የዕድሜ ልክ ሥራውን ትቶ ቤቱ ሲገባ ስለሚገጥመው ኑሮ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ በ1978 ዓ.ም. በቤት አያያዝ ባለሙያነት ተቀጥሬ፣ በኋላም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ማደራጃ ሠርቼ፣ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር በጡረታ ተገልያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ገበሬ ነው፤ የዚህ ዩኒየን አባል በሆነው መሠረታዊ ማኅበር ከምሥረታው ጀምሮ አባል ነው። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖር ሁለት ጡረተኞች ነን ማለት ነው። ለእኔ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼም ጋቢና ዣንጥላ ሸለሙኝ። እርሱን ጡረታ ያወጣው ጉልበቱ ነው። አንድ ክረምት ሦስተኛውን እርሻ ሳይጨርስ እርፉን ለልጁ አስያዘና ከዳር ቁጭ አለ። ደብዳቤም ሽልማትም አልነበረም።

የእኔን ጡረታ ስሌት ላስረዳችሁ፤ ቁጥሩ ኋላ ስለሚያስፈልገን ታገሡኝ። ለመጀመሪያው አሥር ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል። ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእኔ 35 ዓመት ሲሰላ 61.25 በመቶ ሆነ። ይህ ገንዘብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከደመወዜ ላይ ቀድሞ 4 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እያደገ እስከ 7 በመቶ ሲቆረጥ ኖሯል። አሠሪው መሥሪያ ቤትም የራሱን ድርሻ ያዋጣል፤ እርሱም 11 በመቶ ደርሷል። ገንዘቡ የተጠራቀመው እጄ ሳይገባ ስለተቆረጠ ነው። «ደመወዝሽን ተቀበይና በፈቃድሽ አስቀምጪ» ቢሉኝ ኖሮ የልጆች ደብተርና የበዓል በግ ይበሉት ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ባለቤቴ የደመወዝ ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ አየና «ይህቺ የተቆረጠችው ምንድን ናት?» አለኝ። «የእርጅናዬ ናት» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ለእኔስ ማን ይቁረጥልኝ?» አለ።

ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ይዤው የመጣሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። እዚህ የተቀመጡት አባቶች ሁሉ በየዓመቱ እህል ለማኅበራቸው ያስረክባሉ። ሒሳባቸውን ሲቀበሉ የማዳበሪያ ዕዳ ይቀነሳል፣ መዋጮ ይቀነሳል። የእርጅና ግን ከማንም ላይ አይቀነስም። እኛ ቤት ከዚያ ዓመት ጀምሮ እህል በተሸጠ ቁጥር ከመቶው ብር አራት ብር በቀጥታ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር ይሄዳል። የእኔ መዋጮ ሲያድግ የእርሱም አብሮ አደገ፤ ሰባት ደረሰ። የአሠሪ ድርሻ የለውም፤ አሠሪው ራሱ ነዋ! በሁለታችንም ስም ስለተከፈተ አንዱ ያለ ሌላው ፊርማ አያወጣም።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብር ብቻውን እርጅናን አይጦርም። ያኔ ኩንታል እህል ይገዛ የነበረው ብር ዛሬ ስንት ጣሳ እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለሆነም ከተጠራቀመው እያወጣን ዋጋው ከገበያ ጋር አብሮ ወደሚወጣ ነገር እንለውጠው ነበር። ብዙው የገባው ጓሮ ውስጥ ነው። ስለ ጓሮው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብናገር ቅር አይበላችሁ፤ ሙያዬም ነው፣ የማውቀውም እርሱን ነው።

ጓሯችን ከቤቱ ኋላ ያለች ቦታ ናት፤ ጥማድ በሬ አያዞርባትም። በአጥሩ ዙሪያ ጌሾ ተተክሏል። ጌሾን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተተከለ በሁለተኛው ዓመት አካባቢ ቅጠሉ መለቀም ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አዲስ ልትከል አያሰኝም። ለጠላውም ለጠጁም ስለሚፈለግ ገበያ አያጣም፤ ደርቆ ስለሚቀመጥም ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ቲማቲም ግን ገዢ ባይመጣም ይበሰብሳል፤ ጉልበት ለሌለው ሰው ቲማቲም አይመከርም። ከጌሾው ቀጥሎ ቡና፣ ከቡናው በላይ ለጥላም ለፍሬም አቮካዶ አለ። አቮካዶን ከዘሩ አብቅለን ቢሆን ኖሮ ስድስትና ሰባት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ያስጠብቀን ነበር፤ የተዳቀለ ችግኝ ስለገዛን ግን በአራተኛው ዓመት ቀመስን። ለሽማግሌ ሦስት ዓመት ቀላል ልዩነት አይደለም። ወጣት የሆናችሁ ዛሬ ትከሉ የምለው ለዚህ ነው፤ ዛፍ የሚተከለው ጉልበት እያለ፣ የሚበላው ጉልበት ሲያልቅ ነው።

መሐል ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት በመደብ በመደብ አሉ። ከጉድጓዳችን በበጋ ጠዋትና ማታ ይጠጣሉ። የልብስና የእቃ ማጠቢያ ውሃ ሳሙናው ከበዛ ለቅጠላ ቅጠል ስለማይሆን ጌሾው ሥር ይደፋል። ኮምፖስቱን የሚሠራው ባለቤቴ ነው። ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ እበት፣ አመድና አፈር እያነባበረ፣ እርጥበቱን በእጁ እየጨበጠ፣ በየጊዜው እያገላበጠ በሦስት አራት ወር ያደርሰዋል። አፈር የመሰለና ሽታ የሌለው ሲሆን ደርሷል ይላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ለስንት ዓመት ኮምፖስት አዘጋጁ ብለን ስንለምን ኖረናል። ጊዜ ያለውና ትዕግሥት ያለው ሰው የሚሠራው ሥራ መሆኑን አሁን ቤቴ ሆኜ አያለሁ።

ንቡም የእርሱ ነው። የባሕሉን ቀፎ ዛፍ ላይ ወጥቶ መስቀል ስለማይችል በሽግግር ቀፎ ቀይረነዋል። ወገብ ልክ በሆነ መቆሚያ ላይ ስለሚቀመጥ ሳይወጣ ሳይወርድ ይቆርጠዋል። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የዓመቱ ዋና ገቢያችን ነው። ለፋሲካ ሁለት በግ እናሞጅራለን፤ ሦስት ወር በፉርሽካና በፋጉሎ።

ይህን ስሰማ ኑሮው ጣፋጭ ነው ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ጣፋጭ አልነበረም። እርፉን የሰጠ ሰው እጁ ባዶ ይሆናል፤ እጁ ባዶ ሲሆን ምላሱ ይሠራል። ባለቤቴ ማለዳ ይነሣና ማሳው ድንበር ላይ ተቀምጦ «ፈሩን አጥብበው! ያን በሬ አትምታው!» ሲል ይውላል። ልጃችን ጨዋ ስለሆነ አንድ ወር ታገሠ። በመጨረሻ «አባዬ፣ ወይ እርፉን እርስዎ ይያዙ፣ ወይ ለእኔ ይተዉልኝ» አለው። ያን ማታ እራት ሳይበላ ተኛ። እኔ ደግሞ ቢሮ የለመደ ሰው ነኝ፤ ቀኑ ረዘመብኝ። በዚያ ላይ የገበሬ ሚስት ጡረታ የላትም። ባል ከማሳ ሲቀር የሚስት ሥራ በአንድ ሰው ቁርስና ምሳ ይጨምራል። ጡረታ የወጣ ሰው ቡና ጠሪም ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል፤ የሚቆላውና የሚያፈላው ግን ሌላ ሰው ነው።

ነገሩን ያበጀው ሥራ መከፋፈላችን ነው። የጤፍ ዘር የመምረጡ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የእርሱ ሆነ። የቢኤች በቆሎ ዘር በየዓመቱ ከማኅበሩ ይገዛል፤ ድቅል ስለሆነ ተመልሶ ቢዘራ ምርቱ ይወርዳል። ጤፍ ግን፣ ለምሳሌ ቁንጮ፣ ከራስ ማሳ ተመርጦ ሊቀመጥ ይችላል። ከአጨዳ በፊት ማሳውን ዞሮ ባዕድ ዘር የሌለበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፣ ለብቻው ያስወቃል፣ ለብቻው ያስቀምጣል። ልጃችን አሁን ዘር ሲፈልግ መጥቶ የሚጠይቀው አባቱን ነው። ውሃ ማጠጣቱንም ለእርሱ ሰጠሁት። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት አጥር ላይ ቆሞ አይቶታል። አሁን ሦስት ሽማግሌዎች እንደርሱ ባልዲ ይዘዋል፤ የማን ጎመን እንደተሻለ ሲከራከሩ ይመሻሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። እርሱም መሬት ነው።

በክልላችን ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ሕፃን የነበረ፣ ከዚያም ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ በራሱ ስም መሬት የሌለው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ዓይኑ አባቱ ማሳ ላይ ነው። ይህን ክፋት ነው አልልም፤ ችግር ነው። አባትም በልጁ አዝኖ በቃል ብቻ «ውሰደው» ይላል።

ስም አልጠራም፤ አንድ የማውቃቸው አባት አራቱንም ማሳ፣ ጓሮውን ጨምሮ፣ ለአንድ ልጃቸው በቃል ሰጡ። ሁለት ዓመት ደኅና ሄደ። ከዚያ ልጁ ማሳውን ለሌላ ሰው አከራየ፤ ሌሎቹ ልጆች ከሰሱት። አባትየው በገዛ ጓሯቸው አንድ እግር ጎመን ለመቁረጥ ምራታቸውን የሚያስፈቅዱ ሆኑ። እናትየውን ማንም የጠየቀ የለም። ክሱ ሲጀመር ግን ደብተሩ ተከፍቶ ታየ፤ ፎቶግራፋቸው ከባላቸው ጎን ተለጥፏል።

የይዞታ ደብተራችን ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ያለው እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። የጋራ ይዞታን አንዱ ብቻውን አይሰጥም። ስጦታም በጽሑፍ ሆኖ በመሬት ጽሕፈት ቤት ሊመዘገብ ይገባል። እኛ ልጆቻችንን በሙሉ፣ ሴቷንም ጭምር፣ ሽማግሌ ባለበት አስቀምጠን ተነጋገርን። ሁለት ማሳ ለልጆቹ በጽሑፍ ተላለፈ። አንዱን ማሳ ታላቁ ልጃችን በእኩል ያርሰዋል፤ ሲወቃ ግማሹ ጎተራችን ይገባል። ጓሮው እስከ ዕለተ ሞታችን የእኛ ነው። አንደኛው ልጅ ለጊዜው አኩርፎ ነበር። ኩርፊያ ያልፋል፤ ክስ ግን ትውልድ ይሻገራል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የዩኒየኑ የቦርድ አባላት፣ ከዚህ በመነሣት የምጠይቃችሁ አለኝ። መሠረታዊ ማኅበራት የእህል ሒሳብ ሲከፍሉ፣ አባሉ በፊርማው ከፈቀደ፣ ከመቶው ሰባት ብር ቀንሰው በባልና ሚስት ስም ወደ ቁጠባ ማኅበር የሚያስተላልፉበት አሠራር ይዘርጋ። በግዴታ እንዲሆን አልጠይቅም። በደርግ ጊዜ የአምራች ማኅበራትን ስናደራጅ ነበርኩና፣ በግዴታ የተሰበሰበ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ እንዴት በጥቂት ሳምንታት እንደተበተነ በዓይኔ አይቻለሁ። የጤና መድኅን ዓመታዊ መዋጮም እንዲሁ ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ ቢከፈል መልካም ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ አዛውንቶቹ ሳይታደሱ የሚቀሩበት ጊዜ አለና። ሚስቶች በራሳቸው ስም ዕጣ ገዝተው አባል ይሁኑ የሚለውን ግን ለኃላፊ አላቀርበውም፤ ሕጉ አይከለክልም፤ እዚህ ለተቀመጡት ባሎች ነው የማቀርበው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ተነጋገሩበት።

ጓሯችን ውስጥ የዘራሁት የጌሾ ችግኝ ለሐምሌ ይደርሳል። የሚፈልግ አባል ለማኅበሩ ጸሐፊ ስሙን ያስመዝግብ፤ ለአንድ ቤት አሥር አሥር ይደርሳል። ዋጋ የለውም፤ ባለቤቴ ግን አተካከሉን ሳያስረዳ ለማንም እንደማይሰጥ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፤ ስለዚህ ጊዜ ይዛችሁ ኑ።