ቤዙ ግጥሙን እንዳይውጠው
(ከዚራ፣ ድሬዳዋ፤ በተመራቂዎች መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)

ሐኪም ተነስታ ስለ ስፒከር ስታወራ የሚገርመው ይኖራል። ነገሩ ግን የጆሮ ነገር ነው፤ የኛም ዕድሜ እኮ ሄዷል።

ሳብዉፈር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጥግ ላይ አስቀምጦ ድምፁን መልቀቅ ነው። ዱም ዱሙ ይመጣል፤ ግጥሙ ይጠፋል። ወፍራም ድምፅ ሲበረታ ከሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ጆሮ ውስጥ ይሸፍናቸዋል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ደግሞ አስቀድሞ የሚወስደው እነዚያኑ ቀጫጭኖች ነው፤ ስ፣ ፍ፣ ት የሚሉትን። አያት ሳሎን ቁጭ ብለው «ምን አለ?» ሲሉ ልጆች ሁሉንም ይጨምሩላቸዋል፤ ሸፋኙም አብሮ ይጨምራል። «አባባ ጨርሶ አይሰሙም» ተብለው ከሚመጡት አንዳንዶቹ ፀጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊት ሳናግራቸው ደህና አድርገው ይመልሱልኛል።

ታዲያ እንዴት ይስተካከል? ከቦታው ልጀምር፤ ገንዘብ የማይጠይቀው እሱ ነው። በድሬ ሙቀት፣ በ30 ዲግሪ፣ ድምፅ በሰከንድ 349 ሜትር ያህል ይጓዛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ ሞገዱ 8 ሜትር ተኩል ይረዝማል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከሩብ የሆነ ሳሎን ልክ ግማሹን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ያ ኖታ ግድግዳው አጠገብ ይጮኻል፣ መሀል ክፍል ላይ ይደክማል። እኛ ሶፋ የምንደረድረው የት ነው? ግድግዳ አስጠግተን! እዚህ ከዚራ፣ ከባቡሩ ጋር በተወለደው ሰፈር፣ የድሮ ቤቶቹ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ቤዙን መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ ሳብዉፈሩን ለጊዜው የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉትና ቤዝ ጊታሩ ከላይ ታች የሚልበት ዘፈን ክፈቱ። ጆሯችሁን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጋችሁ ክፍሉን ዙሩ። ልጆች ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው።

ከዋናዎቹ ስፒከሮች ጋር የሚለያይበትን ነጥብ በ80 ሄርዝ ጀምሩ። ወደ 150 ከወጣ የወንድ ድምፅም አብሮ ይገባል፤ የድሬው ልጅ አሊ ቢራ ፊት ለፊት እየዘፈነ ደረቱ ጥግ ላይ ይቀራል። ስፒከሮቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ግን ትንሽ ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ፌዝ የምትባለዋን ማብሪያ ሌላ ሰው ከ0 ወደ 180 ሲያገላብጥ እናንተ ከመቀመጫችሁ ስሙና ቤዙ የሚሞላበትን ያዙ፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ ይጠፋፋሉ።

መጠኑ የመጨረሻ ነው። መምህራኖቻችን የማይትራል ስቴኖሲስን ጉርምርምታ በስቴቶስኮፑ ቤል ስንፈልግ «አትጫኑት» ይሉን የለ? እዚህም እጃችሁን አቅልሉ። ሳብዉፈሩ ሲጠፋ ዘፈኑ ከሳሳ፣ ሲበራ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ በቂ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ወጥታችሁ ከጎረቤት አጥር ስር አዳምጡ። ለሙቀቱ ብሎ መስኮቱን ከፍቶ የተኛ ሰው አለ። ዱም ዱሙ ብቻውን እዚያ ከደረሰ ተመልሳችሁ ቀንሱ።